በገጹ ጥግ የቆመችው ሴት

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ለጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ፣ ዓይንህ፣ ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ ማለቴ ነው።

አንድ ካርቶን ልኬያለሁ። ለድንቡሼ የሥዕል መጻሕፍት ናቸው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ክፍል እንደ ቀየሩልኝ በስልክ ጀምሬልህ መስመሩ ተቋረጠ። አሁን የልጆች መጻሕፍት ክፍል ነኝ። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲመጣ አንዱ ገጽ ቀጥ ብሎ፣ ጎረቤቱ ተዘቅዝቆ ነው። ተራውን የሚይዘው ታጥፎ ሲቆረጥ ነው። በእኔ እጅ የሚያልፈው ደግሞ ከመታጠፉ በፊት ነው። ስለዚህ ፍየሏ ወንዝ ስትሻገር አይቻለሁ፤ ለምን እንደተሻገረች አላውቅም። ከአጠገቧ ተዘቅዝቃ የተኛች ፍየል አለች። መጀመሪያው ይሁን መጨረሻው እንጃ።

የላክሁልህ ብልሽቶቹን ነው፤ ቀለማቸው ከመስመሩ የሸሸ። አለቃው "የሚጣለውን መውሰድ ትችላላችሁ" ስላለ ወሰድኩ። ሕፃን ልጅ መቼም ልዩነቱን አያውቅም።

የልጄን የድንቡሼን የመምጫ ወረቀት ጀምሬያለሁ። ከተሳካ ወደዚህ ትመጣለች። ትቻት ስመጣ ዳዴ እንኳ አልጀመረችም፤ አባቷም እንደ ጉም በኗል፤ ከአንተ ሌላ የምታውቀው ሰው የላትም። እባክህ ስለ እኔ ንገራት። ስልኩን ስትሰጣት ጠረጴዛ ሥር እንደምትገባ አውቃለሁ። ቢሆንም ንገራት።

ያደረግክልንን እሱ በሌላ ይክፈልህ።

እህትህ

ኅዳር 21

ለእህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ደህና ነን። ወገቤም እንደ ድሮው ነው፤ ሊዘንብ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል።

ካርቶኑ ደረሰ። ድንቡሼ መጀመሪያ የወደደችው ካርቶኑን ነው። ውስጡ ገብታ ዋለች። መጻሕፍቱን ያየቻቸው በማግስቱ ነው።

ደግሞ ተሳስተሻል፤ ልዩነቱን አውቃለች። አህያውን አየችና "ጋሽዬ፣ ከቆዳው እየወጣ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰማያዊው አንድ ጣት ያህል ወደ ጎን ሄዷል፣ መስመሩ ባዶውን ቀርቷል። እኔ የታፔላ ሠዓሊ ነኝ፤ ቀለም ከመስመር ወጥቶ እያየሁ እህል አይወርድልኝም። ብሩሼን አንስቼ አህያውን ቆዳው ውስጥ መለስኩት። ከዚያ ደመናውን። ከዚያ ፍየሏን። ባለ ዳቦ ቤቱ በየጠዋቱ ብቅ እያለ "የኔ ዳቦ መቼ ነው የሚበስለው?" ይለኛል፤ ታፔላው ላይ ግማሽ ዳቦ ሥዬ ትቼበታለሁ።

ጽሑፉን አላነብም፤ ፊደሉን አላውቀውም። ብዙም አልጎደለብንም። ሥዕሉን እያየሁ እፈጥራለሁ፤ ስሳሳት ታርመኛለች። እንዴት እንደምታይ ብታዪ! እኔ ፍየሏን ሳይ እሷ ከፍየሏ እግር ሥር ያለውን ቀንድ አውጣ ታያለች። ለካ በየገጹ አለ። ፍየሏ ዘለለች፣ ሮጠች፣ ወንዝ ተሻገረች፤ እሱም እኩል ይደርሳል። "እንዴት ደረሰ?" አልኳት። "ገጹ ሲገለጥ ጊዜ ይሮጣል፣ አንተ አታየውም" አለች። እንጆሪውን ልሳ ልሳ ወረቀቱ ሳስቷል። የተኩላው ገጽ ሲደርስ ዓይኗን ትጨፍንና "አለ?" ትለኛለች። "አለ" እላታለሁ። "እሺ" ብላ ትከፍታለች። የለም ብላት የምታዝን ይመስለኛል።

ስለ አንቺ እንድነግራት ያልሽውን በራሴ መንገድ ይዤዋለሁ። አሁን እናቷን በየገጹ ታሳየኛለች።

ከተቻለሽ ቀጭን ብሩሽና ቫርኒሽ ላኪልኝ። እዚህ ያለው ብሩሽ ፀጉሩ እየረገፈ ሥዕሉ ላይ ይቀራል።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 17

ጋሼ፣

ለአንተም ለልጅቷም ጤና ይስጣችሁ።

"እናቷን በየገጹ ታሳየኛለች" ያልከው አልገባኝም። በየትኛው መጽሐፍ? የፍየሏ መጽሐፍ ውስጥ ሰው የለም። የአህያው ውስጥ አንድ ሽማግሌ አለ። የደመናው ውስጥ ማንም የለም፤ ጣሪያዎች ብቻ ናቸው። ገጾቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ፊቴ የሚያልፉት እነሱ ናቸው። አጠገቤ የምትሠራዋን ባለ መነጽሯን ጠየቅኳት። "እናት? እኔ አላየሁም" አለች። "ምናልባት ሲታጠፍ ትወጣ ይሆናል" ብላ ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

ማን ናት?

ብሩሹንና ቫርኒሹን ልኬያለሁ።

እህትህ

ጥር 14

ለእህቴ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

አንቺ ነሽ።

አፍ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ልነግራት ሞክሬ ነበር። "እናትሽ ሩቅ አገር ነው የምትሠራው፤ ትወድሻለች" አልኳት። "እሺ" ብላ ካርቶኗ ውስጥ ገባች። ሌላ ቀን ደግሜ ነገርኳት። አሁንም እሺ። ለሐኪም እንደሚባለው ያለ እሺ። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። ፍየሏ ያለችበት ሜዳ ጥግ፣ ከዛፉ ሥር ሣልኩሽ፤ በአረንጓዴው ካፖርት፣ የሄድሽ ዕለት በለበስሽው። ትንሽ ነሽ፤ ቀንድ አውጣውን ብታክይ ነው። በሚቀጥለው ገጽ ድልድዩ ላይ ነሽ። በደመናው መጽሐፍ ጣሪያ ላይ ወጥተሻል። በተኩላውም ገጽ አለሽ፤ ከሱ ራቅ አድርጌሻለሁ።

አሁን ጨዋታችን ይኸው ነው። ገጹ ሲገለጥ ቀድሞ ያገኘሽ ያሸንፋል። እኔ አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም፤ የሣልኩት ግን እኔው ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ። በሁሉም ገጽ ጀርባሽን ነው የሰጠሽው። ፊትሽን ሞክሬ ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ስልክ የምታስደውለን፣ ገብታ አየችና "አንተ ሰውዬ፣ ከአንድ ሴት ሌላ አታውቅም እንዴ?" አለችኝ። "የፀጉር ቤቷንም፣ የፎቶ ቤቷንም፣ የወተት መሸጫዋንም ያቺኑ ዓይኗን የተኳለች ሴትዮ አደረግካቸው። ደግሞ እህትህንም እሷን ልታደርጋት ነው?" ደርሳብኛለች። ፊትሽን ስጀምር ያቺ ሴትዮ እየቀደመች ትመጣለች። ስለዚህ አዞርኩሽ።

ድንቡሼ ትናንት "መቼ ነው የምትዞረው?" አለችኝ።

"ስትጠሪያት" አልኳት። አፌ አምልጦኝ ነው።

አፏን ገጹ ላይ አድርጋ ጠራችሽ። ጠብቃ ደግማ ጠራችሽ። ከዚያ "ነፋስ ነው፣ አልሰማችም" ብላ ቀጣዩን ገለጠች።

ለጊዜው ሌላ መጽሐፍ አትላኪ። ያለውንም አልጨረስን።

ወንድምሽ

የካቲት 19

ጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለዘገየሁት አትቀየመኝ።

ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ማልቀስ ያለብኝ ቦታ ላይ መድረሴን አወቅሁ። ጠበቅሁ። መውረጃዬ ደረሰ፣ ወረድኩ። ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ካርዴን አስነካሁ፣ ሽርጤን አሰርኩ፣ ማሽኑ ተነሣ። የዚያን ቀን ደመናው ነበር። ጣሪያዎቹ ፊቴ ሲያልፉ እያንዳንዱ ላይ አየሁ። ባዶ ናቸው። እዚህ ባዶ ናቸው፣ እናንተ ጋ አለሁ።

ካፖርቱን ከጣልኩት ቆይቷል። ክርኑ ተቀዶ ነበር።

የድንቡሼን ወረቀት የያዙት የኤምባሲ ሰዎች ቀጠሮ ሰጥተውናል፤ መጋቢት መጨረሻ ላይ ልጅቷን ይዘህ ወደ መሥሪያ ቤታቸው ትሄዳለህ። ፎቶዬን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ያው ፎቶ ፋይሉ ውስጥም አለ። ሕፃናትን አንዳንድ ነገር ይጠይቃሉ አሉ፤ ፎቶ አሳይተው ይህቺ ማን ናት ይላሉ። ቀላል ነው። ግን ጋሼ፣ ከቀጠሮው በፊት ፎቶውን እያየህ ፊቴን ሣልልኝ። በሁሉም ገጽ። አዙረኝ።

አደራ።

እህትህ

ሚያዝያ 11

ለእህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ትቼ፣ ጀምሬ ትቼ ነው።

ሄደን ነበር። ልብስ ሰፊዋ ለድንቡሼ ከመጋረጃ ትራፊ ቀሚስ ሰፋችላት፤ "መስኮት መሰልሽ" ብላ እሷው ሳቀችባት። ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ የማይነሣ ስልክ። ጠያቂዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ወንበሩ ላይ ትራስ አድርጋ አስቀመጠቻት። ፎቶሽን ሰጠቻትና "ይህቺን ታውቂያታለሽ?" አለቻት።

ድንቡሼ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ከዚያ ገለበጠችው። ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፣ ሌላው ነጭ ነው።

"ባዶ ነው" አለች።

"ምኑ ነው ባዶ?"

"ጀርባዋ የለም።"

ሴትዮዋ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ስልኩ። "እሺ፣ እናትሽ የት ናት?" አለቻት።

"መጽሐፍ ውስጥ።"

"እዚያ ምን ትሠራለች?"

"ቆማለች። ገጹ እስኪገለጥ ትጠብቃለች።"

"ታዲያ ፎቶው ላይ ያለችው ማን ናት?"

ድንቡሼ አሰበች። ሰው ላለማስቀየም ስታስብ እንደምታደርገው ከንፈሯን ነከሰች። "ያንቺ እናት ናት?" አለቻት።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አቶ፣ አንተ የምትለው ነገር አለ?" አለችኝ። ውኃ ጠየቅኋት። አመጣችልኝ። ጠጣሁ።

ፋይሉ ይቆይ ተብሏል። ለአንቺ በቀጥታ ይጽፋሉ።

ፎቶው በጊዜ ደርሶኝ ነበር። ለፊት የሚሆን ብሩሽ አጥቼ ነው።

ወንድምሽ

ግንቦት 6

ጋሼ፣

ሰላም ነህ?

ብሩሽ ልኬልህ ነበር። ባልልክስ? የፀጉር ቤቷን ሴትዮ ሽፋሽፍት በክብሪት እንጨት ስትሥል ቁጭ ብዬ አይቼሃለሁ። ብሩሽ አትበለኝ። ለምን እንዳልሣልከኝ ንገረኝ። ውኃ ከምትጠጣ ለሴትዮዋ ስለ መጽሐፉ ብትነግራት ምን ነበረበት?

ጻፉልኝ። የዲ ኤን ኤ ምርመራ ነው የሚሉት፤ ልጅቷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ምራቅ እንሰጣለን፣ ያስተያዩታል። ክሊኒኩ ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ። አልገባሁም።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከአንተ እንዳይወጣ። ደብዳቤያቸውን ሳነብ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ቀለል አለኝ ጋሼ። ካልመጣች ፊቴን የሚመረምር ሰው የለም። ምን እንደሚሰማኝ የሚጠይቀኝ የለም፤ ምንም እንደማይሰማኝ የሚያውቅብኝም የለም። ፎቶዋን ሻይ ሳፈላ ከምድጃው በላይ ለጥፌ አያታለሁ። ጉንጮቿን አያለሁ። ቆንጆ ልጅ ናት እላለሁ። የጎረቤት ልጅ አይተው እንደሚሉት።

ምርመራው "እናቷ ነሽ" ይለኛል። የምፈራው እሱን ነው።

እህትህ

ሰኔ 2

ለእህቴ፣

በያለሽበት ልብሽን ያሳርፈው።

ስለ ብሩሹ ያልሽውን አነበብኩ።

ፊትሽን ሣልኩ። የፍየሏ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ። ፎቶውን ታፔላዎቹ መሃል ሰክቼ፣ የጥርስ ሐኪሙ ትልቅ ጥርስ ባንድ በኩል፣ የባለ ዳቦ ቤቱ ዳቦ በሌላው፣ አንቺ መሃል። ያቺ የተኳለች ሴትዮ ትመጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልመጣችም። አንቺ ነሽ የመጣሽው። አገጭሽ የእናታችን ነው ለካ፤ እስከ ዛሬ አላስተዋልኩትም።

ድንቡሼ አየችሽ። "ይቺ እንግዳ ናት" አለች።

"እናትሽ ናት። ዞረች" አልኳት።

ጣቷን ካፖርቱ ላይ፣ ከዚያ ፊትሽ ላይ አደረገች። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር፤ ጉንጭሽ ጣቷ ላይ ወጣ። ከወንበሯ ወረደች። ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ ስታጠልቅ አየኋት።

"የት ነው?"

"ዞረች አላልክም? ከዞረችማ ወደኛ ነው የምትመጣው። በር ላይ ልቁም።"

ሄዳ ቆመች። ባለ ዳቦ ቤቱ ሲያልፍ "ደሞ ማንን ነው የምትጠብቂው?" አላት። "እናቴን። ዞራለች" አለችው። ሰውዬው ወደ እኔ አየ። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ስትዘጋ "ነይ እንጂ እናቴ፣ ይበርድሻል" አለቻት። "ስትመጣ በሩ ተዘግቶ እንዳታገኘው" አለች። ያስገባኋት ተሸክሜ ነው። አላለቀሰችም። በማግስቱም ቆመች። ዛሬም ቆማለች፤ ይህን ስጽፍልሽ ከወንበሬ ሆኜ ጀርባዋን አያለሁ።

ምንም አይሰማኝም ስላልሽው እኔ አልፈርድብሽም። ልቤ ምን እንደሚል እኔም ሲጠይቁኝ ውኃ ነው የምጠጣው። ልጅቷን ማሳደግ እችላለሁ፤ አይከብደኝም። በር ላይ የምትቆም ልጅ ግን አላሳድግም። ወይ ገብተሽ ምራቁን ስጪ፤ ወይ አልመጣም በዪኝ፣ ቀለም ደርቤበት ተመልሼ ላዙርሽ። አንዱን በዪ፤ ቶሎ።

ወንድምሽ

ሰኔ 27

ጋሼ፣

ሰጠሁ።

ከመግባቴ በፊት ከፍየሏ መጽሐፍ አንድ ታጥፎ ያለቀ፣ ቀለሙ ያልሸሸ ለመንኩና ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ በተራው አነበብኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አንተ የምትነግራት አይደለም ታሪኩ። ፍየሏ ማንንም አትፈልግም፣ ማንም አላሳደዳትም። ማዶ ምን እንዳለ ስላላወቀች ትሻገራለች። ማዶ ሣር አለ። ትበላለች፣ ትተኛለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዘግቼው ገባሁ። ነርሷ "አፍሽን ክፈቺ" አለችኝ፣ ከፈትሁ።

ምንም አልተሰማኝም። ግን ሰጠሁ። አትምጪ አላልኳትም፤ ለልጅቷ ይህንን ንገርልኝ።

እህትህ

መስከረም 28

ለእህቴ፣

ደርሳ እጅሽ ገብታ ይሆናል። ወጪ ወራጁን የጠበቀ ይጠብቅልሽ።

አየር ማረፊያው ላይ አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች አስተናጋጅ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ስሟንና የአንቺን ስም አንገቷ ላይ አንጠልጥለዋል። ሻንጣዋን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፤ መጻሕፍቱን ከላይ አድርጌ። በመጨረሻ ሰዓት አውጥታ አልጋዬ ላይ ደረደረቻቸው። "ለጋሽዬ ይቅሩለት። ብቻውን ምን ሊያነብ ነው?" ብላ ነው ለልብስ ሰፊዋ የነገረቻት፤ ለእኔ አላለችኝም።

ከባድ እንቅልፍ ነው ያላት፤ ጠዋት ቶሎ አትቀስቅሻት። ወተት ላይ ስልባቦት አትወድም። ስትዋሽ ጆሮዋን ትነካለች።

ቤቱ ሰፋኝ።

የምጠይቅሽ ነገር የለም።

ወንድምሽ

ጥቅምት 8

ለጋሼ፣

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ። በሰላም ደርሳለች።

በመስታወቱ በር ስትወጣ ሰው ብዙ ነበር። ያወቀችኝ እሷ ናት። ጣቷን ቀስራ ይዛት ለመጣችው አስተናጋጅ "ያቺ ናት" አለቻት። መጥታ ፊቴ ቆመች። ጎንበስ ብዬ ሳምኳት፣ ጉንጯን አዞረችልኝ። ተቃቀፍን። እጆቼ የት እንደሚሆኑ አላወቁም ነበር፤ ሻንጣውን ያዙ።

ቤት ስንገባ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳው ሥር አስጠጋች። ክፍሏን አሳየኋት፤ "ያምራል" አለች። አልጋዋን ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችው። ሾርባ በላች። ምንም አልጠየቀችኝም። አልጠየቅኋትም። ሁለት እንግዶች አንድ ሆቴል ሲያርፉ እንደሚሆኑት ነበርን። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃው ሲፈስ ሰማሁ፣ ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ጠራችኝ።

"እትዬ፣ ፎጣው የቱ ነው?"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። እትዬ። መንገድ ላይ የምታገኛትን ሴት እንደምትጠራው ነው፤ በጨዋ ደንብ፣ አንተ እንዳስተማርካት። ላርማት አሰብኩ። ምን ብዬ? ነጩ ነው አልኳት። እጇን አደራርቃ፣ አጥፋ፣ ጠርዙን ከጠርዙ አገጣጥማ መለሰችው። እኔ እንደዚያ አላጥፍም።

ጠዋት መልሳ ጠራችኝ። እቃ እያጠብኩ ነበር፣ እጄ ሳሙና ነው። ገና ከክፍሏ "እት—" ስትል "ወዬ!" ብያለሁ። ሳትጨርሰው። ጮክ ብዬ፣ ጋሼ፤ የላይኛው ፎቅ ሰው ሳይሰማኝ አይቀርም። ሩጫ ጀምሬ በሩ ላይ ነው የቆምኩት።

የፈለገችው ካልሲዋን ነበር።

እህትህ